የጠመኔ ሰኞ

ስሜ ባውዲሊዮ ነው። ቫልፓራይሶ ላይ፣
ወደቡ ከታች ሆኖ ቤቱ ሁሉ ከላይ፣
ሁለት የእንጨት ሣጥን በሽቦ አንጠልጥዬ፣
አንዱን ሽቅብ ስቤ አንዱን ቁልቁል ጥዬ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው አመላለስኩኝ፤
ሰኞን ግን፣ እውነቱን፣ አንድ ቀን አልወደድኩኝ።

ሰኞ በእጅ ያስታውቃል።
ሳንቲሙ በመስኮቴ ቀዳዳ ሲመጣ
ከጣቱ እለያለሁ፤ ማን እንቅልፍ እንዳጣ፣
ማን ቁርስ እንዳልበላ፣
ማን ከቤቱ ሳይሆን ከጠብ እንደወጣ።

ያን ለት ጉም ነበረ። ባሕሩ አይታይም።
መርከብ ታላዝናለች፤ የት እንዳለች አላውቅም።
ሻዬን ፉት አልኩና፣ ሻዬም ሻይ አይልም።
በሩን ልከፍት ወጣሁ ቁልፌን እየዳሰስኩ፣
ነጭ ነገር ልረግጥ ስል እግሬን መለስኩ።

ጠመኔ ነው።
ሰኞ ማክሰኞ! ሣጥን ከሣጥን ተያይዞ፣
ከደረጃው ጫፍ ተነሥቶ እስከ በሬ ተጉዞ፣
የቀኖቹ ስም ሁሉ በተንጋደደ ፊደል፣
ሐሙስ ላይ አንድ ሆሄ ሊጻፍ ሲል ሲጎድል፤
እሑድ ግን ተረስቷል። በእሑድ ቦታ ላይ፣
ከደፌ ፊት ለፊት፣ በክብ ውስጥ፦ «ሰማይ»።

የራየን ሥራ ነው፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣
ለቁጣ የማትመች፣ ለምክር የማትበጅ።
ላጥበው ነበር። ደንብ ነው። የደጁ ጽዳት ሥራዬ።
ባልዲውን ሳነሣ ደረሰ ደንበኛዬ፣
የጉምሩኩ ጸሐፊ፣ ዶን ኤሌውቴሪዮ፣
ክራቫቱ እንደ ገመድ አንገቱን ያነቀው፣
በዚህ ሁሉ ዘመን ሲስቅ የማላውቀው።
ሰኞን አየው። አየኝ። ዙሪያውን ቃኘና
ቦርሳውን አቀፈ፤
በአንድ እግሩ አለፈ።

ምንም አላለኝም። ሳንቲሙን ሰጠኝ።
እኔም አልጠየቅኩም። ባልዲው ግን ከበደኝ፣
አስቀመጥኩት።

ነርሷ ሲሜና መጣች፣ ከሌሊት ተራ ወጥታ፣
ዓይኗ ቀልቶ፣ ዝላ፣ ነጭ ጫማዋን ፈትታ፤
«ለኔ ማለቁ ነው» ብላ ከሰማይ ተነሣች፣
ወደ ኋላ ዘለለች፣ ሳምንቱን ገልብጣ፣
ሄደች ልትተኛ ሰኞዋን ረግጣ።
ዓሣ ሻጯ ኦርቴንሲያ ቅርጫቷን አስይዛኝ
ስትዘል ምድር ራደ፤ የዓሣው ውኃ ረጨኝ።
አንድ ተማሪ ደግሞ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ
ሲያልፍ ከኋላው አንዱ ጮኸበት አምርሮ፦
«ረቡዕን ረገጥካት! ተመለስ ከመጀመሪያ!»
ተመልሶ ዘለለ። ሳቅ ሆነ መገበያያ።

አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ ጥግ ጥጉን አለፈች፣
መስመሩን ሳትነካ፤ ቲኬቷን ተቀበለች።
ማንም ምንም አላላት።
ተማሪው በሩን ይዞላት ቆመ።

ልጅቷ እንዳለችው ከሆነ እንግዲህ ነገሩ፣
ለካስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰማይ ደጅ ነው ወንበሬ፤
ማንም አልነገረኝም እስከ ዛሬ፣
ደመወዜም አይናገርም።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ማሽኑን አጠፋሁ።
ካፊያ ጀምሮ ነበር። ግራ ቀኝ አየሁ።
ማንም የለም። ውሻ ብቻ፣
የሰፈሩ ሁሉ የሆነ፣ የማንም ያልሆነ ውሻ።
ቀኝ ጉልበቴ ሕመምተኛ ነው፤ በግራዬ ተነሣሁ፣
ማክሰኞ ላይ ተንገዳገድኩ፣ ሐሙስ ላይ ግድግዳ ያዝኩ፣
ዓርብንና ቅዳሜን እንዴት እንዳለፍኳቸው እንጃ።
ውሻው አየኝና ፊቱን አዞረ፤
ያፈረልኝ መሰለኝ።

ዞሬ ሳይ ካፊያው አጥቦታል፤ ከፊደሉ የተረፈው
በዚያ ጫፍ አንድ ሰ፣ በዚህ ጫፍ አንድ ሰ ነው።

ነገ ማክሰኞ ነው።
የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ በስንት ሰዓት ይከፍታል?
ጠመኔ በፍሬ ይሸጣሉ?
ወይስ በፓኮ ብቻ?