የክርስትና ስም

ወረቀቱ ይላል፦ ሰማንያ ስድስት ኩንታል፣
መጋዘኑ ሲቆጠር አርባ ሦስት ይሆናል።
አርባ ሦስቱ የት ገባ?
ዳኛ አያስፈልገው፣ ሒሳቡ ቀላል ነው፣
ቁልፉ ጋሽ ይስማው አንገት ላይ ነው ያለው።

እሱ ግን አልጮኸም። ኪሱን በእጁ ፈልጎ
ባቄላ አወጣ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርገፍ አርጎ።
«ጆንያ በገባ ቁጥር አንዳንድ ስጥል ነበር፣
አርባ ሦስት ፍሬ ነው፤ ሌላ የለኝም ምስክር።»
ቆጠርሁ። አርባ ሦስት። አንዷን ነቀዝ በልቷታል፣
እሷንም ቆጠርኋት፤ የተበላም ይቆጠራል።

ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሚዛኑን የሚያነበው፣
ደረሰኝ የሚያትመው፣ ድምሩን የሚያስቀምጠው።
ጋሽ ይስማው በኔ እጅ ነው ሌባ የተባለው።

መስመር በመስመር ሄድሁ፤ ግድፈት አጣሁበት።
ቀስ ብሎ እንዲሮጥ ሳዘው፣ ቆጠራው ልክ ይመጣል፤
«ፍጠን!» ስለው ብቻ አንዱን ሁለት ያረጋል።
ያኔ ጠረጠርሁት፣ ቃሌን ወደ ማሽኑ የሚያሻግረውን፣
ኮምፓይለሩን፣ አስተርጓሚዬን፤
ሰው በደቦ የጻፈው፣ ደጁ የማይዘጋ፣
እኔም የወሰድሁት ያለ አንዳች ዋጋ።

መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።
ከጮቄ የወረደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል።
ጋቢ ተከናንቤ ሆዱን ከፈትሁት፣
የሰው ቤት እንደሚፈትሽ፣ እየፈራሁ ገባሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
ጎረቤት በተጠራ ቁጥር መንገዱ ጊዜ ይበላልና፣
«ከመጥራት» ይላል፣ «ሰውየውን ከነዕቃው አምጣና
እዚሁ ይሥራ።»
ብልሃት ነው። ግን አንዲት አጭር ፋንክሽን አለችኝ፣
«ከሁለቱ የሚበልጠውን» የምትል፤
የሰጠኋትን ሁለቴ ታነሣለች፣
አንዴ ለማወዳደር፣ አንዴ ለመመለስ።
የሰጠኋት ደግሞ ቁጥር አልነበረም፣
«መዝነህ ቁጠር» የሚል ትእዛዝ እንጂ።
እሱም ትእዛዙን እንዳለ ገልብጦ በሁለቱም ቦታ ተከለ፣
ሚዛን ላይ አንድ ጆንያ፣ «ገባ፣ ገባ» ተባለ።

መድኃኒቱ ቀላል መሰለኝ። አንዴ ብቻ መዝን፣
በስም ያዘው፣ ስሙን ጥራ፣ አሥር ጊዜም ቢሆን።
«ክብደት» ብዬ ሰየምሁት። ሞከርሁ።
ባሰ።
የገባበት ቤት ውስጥ ሌላ «ክብደት» ነበር፤
ሞክሼዎች ተገናኙ። አንዱ ሲጠራ ሌላው «አቤት» ይል ጀመር፣
የዛሬው ጤፍ ከትናንቱ ጋር ይደመር።
ደግሞ በጋሽ ይስማው ላይ ሃያ ኩንታል ልጨምር!

ሌሊቱ ሲጋመስ የጊዮርጊስን ከበሮ ሰማሁ፣
ለምን እንደሁ እንጃ፣ ሁለት ስም እንዳለኝ አስታወስሁ።
አንዱ ለሰፈሩ፣ ለደሞዝ ወረቀት፣ ለቀበሌ መታወቂያ፣
አንዱ በሰማንያ ቀኔ የወጣ፣ ለቄስ ብቻ መጠሪያ፤
በገበያ የማይጠራ፣ በጨዋታ የማይነሣ፣
መተተኛ ከጠየቃት እናቴ ቶሎ የምትረሳ።

እንግዳ ፋንክሽን በገባ ቁጥር ክርስትና አነሣሁለት፤
በዚያ ቤት ማንም የሌለው ስም፣
ሰው በጣቱ ሊጽፈው በማይችል ምልክት።
ዘጠኝ መስመር ነው ጠቅላላው።
ሙከራም ጻፍሁ፦ አርባ ሦስት ጊዜ ጠርቶ አርባ ሦስት የሚጠብቅ።
ባትሪው ሦስት በመቶ ሲቀረው በስልኬ ኢንተርኔት ላክሁት።

ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣበት የማላውቀው
አንድ ሰው በማግሥቱ አነበበ። «አርባ ሦስት ለምን?» አለኝ።
«ባቄላ ነው» አልሁት። ሌላ ምን ልበለው!
«ይግባ» አለ። ገባ።

ኮሚቴው ወረቀቱን ቀደደ። ይቅርታ ያለ የለም።
ጋሽ ይስማው መጣ፣ ባቄላውን ሊወስድ፤
አንድ ባንድ ወደ ኪሱ፣ ከንፈሩ እየቆጠረ፣
የነቀዘችውን ትቶልኝ።
«ምን ነበር ያጠፋው?»
«አንድ ነገር ሁለቴ ተጠራ።»
«አሁንስ?»
«ስም አወጣሁለት።»
«ማን አልሽው?»
ዝም አልሁ።
ገባው። ሞጣ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።
ቁልፉን አንገቱ ላይ አቃንቶ ወደ ሚዛኑ ሄደ፣
በኪሱ አርባ ሁለት፣
በጠረጴዛዬ አንዲት።