ለጦሳ የተያዘ ቀጠሮ

ቅዳሜ ነው ያልነው፣ ዶሮ ሲጮህ ገና፣
የምንገናኘው አራዳ፣ ከወፍጮው ጎዳና።
ጦይብ በሶ ይይዛል፣ እኔ አራት ብርቱካን፣
ውሃ በጄሪካን —
"በጄሪካን? እብድ! ማን ይሸከመዋል?
አብሽር፣ ምንጭ አለ" ይላል፤ ምንጩን መቼ አይቷል?

ሠላሳ አንድ ዓመት በፖስታ ቤት መስኮት
እጄ ከማኅተሙ፣ ዓይኔ ከጦሳ አናት።
ጧት ጉሙን ሲደርብ፣ ቀትር ላይ ሲያወልቀው፣
ፊቱን በቃሌ አውቃለሁ፤ ጀርባውን ነው የማላውቀው።

የልጄን ስኒከር ለካሁ፤ ሰፋኝ፤ በሁለት ካልሲ ይሆናል።
ጉልበቴን አማከርኩት፤ ለጊዜው ዝም ብሏል።

ጦይብ፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣
ዳገቱን አካፈለው በደብተሩ መስመር፦
ሁለት ሰዓት ባሕር ዛፉ፣ አራት ላይ ገደሉ፣
ስድስት ላይ ጫፉ። "ካልደረስን ግን" ይላል ቃሉ፣
"የትም እንሁን የትም፣ አንድ ክንድ ቢቀረን እንኳን፣
እንመለሳለን።"
ከሥሩ አሰመረ። ፈረምን።

እኔ ግን ያልጻፍኩት አንድ ጉዳይ አለኝ፤
ከላይ ቁልቁል አይቼ ያችን መስኮት ባገኝ፣
የክብሪት ቀፎ አክላ፣ ከቆርቆሮው መሃል፣
ማን ውስጧ ተቀምጦ ወደ እኔ ያያል?

ዓርብ ማታ ጦሳ የለም። ጉም ውጦታል ጭራሽ።
ጦይብ ደወለ።
"አየኸው?"
"ምኑን?"
"ተራራውን!"
"የለም ባክህ።"
"ያው ቦታው ላይ ነው" አለ፣ "የት ይሄዳል? ተኛ።"

ሰዓቱን ለአሥር ሞላሁ። ጫማዬ ብቻ ተኛ።