ማግ

እኔ ኮድ ጸሐፊ፣ የሳንቲያጎ ሰው፤
ቺሎዌ የጠራኝ ከንቲባው ራሱ ነው።
«ሥራው ስምንት ወር ነው፣ ሲፈጥን ሲፈጥን»
ብዬ ፈርሜያለሁ፣ ሳላይ ደሴቲቱን።

የፈለጉት ነገር ሲያወሩት ቀላል ነው፦
ዛጎል ለቃሚ ሴት፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ፣
የምታየው ሁሉ በአንድ ገጽ፣ በአንድ ቦታ።
የባሕሩን ጉድለት ባሕር ኃይል ያሰላል፣
የቀይ ማዕበሉን መርዝ ጤና ቢሮ ይለጥፋል፣
ጀልባው የራሱ ገጽ፣ ገበያው የራሱ፤
አራት ጎረቤቶች የማይደራረሱ።
ድሩማ ሞልቷል።
ማግ ነው የጠፋው።

ጃኬቴ የከተማ፣ ዝናቡ የደሴት፤
በስብሼ ስገባ ቤተ መጻሕፍት፣
ከምድጃው አጠገብ አንዲት ባልቴት፣
ጣቷን ጨው ሰንጥቆት፣
መነጽሯን በሱፍ ክር ካንገቷ ላይ አስራ
ከኮምፒውተሩ ጋራ ትጨቃጨቃለች፣ በሹክሹክታ ስታወራ።
ኤድሉቪና ሁዌንቴኦ።

ኢታሎ የሚባል፣ መጽሐፍ የሚያውሰው ልጅ፣
መሣሪያ አሳይቷታል፤ ኮድ የማይጠይቅ፣ የእጅ ሥራ እንጂ፦
ሣጥን ትስላለህ፤ ከሣጥን ወደ ሣጥን ክር ትስባለህ፤
ከዚህኛው ድር ቀን፣ ከዚያኛው ድር ስም፣
ታገናኛለህ፤ አለቀ፤ ሌላ ምንም።

እኔ ሳቅሁ። በልቤ፣ ለጨዋነት ያህል።
እሷ ግን አየችው፤ የሳቅ ድምፅ ልብም ውስጥ ቢሆን ይሰማል።
«ሽመና ታውቃለህ?» አለችኝ።
አላውቅም።
«እንግዲያው ቁጭ በል።»

ቀዳዳ ግን ነበረው።
ከሠላሳ ዳርቻ አሥራ አንዱ ባዶ ቀረ፤
«የሚዛመድ አልተገኘም» ይላል መሣሪያው፣ ደጋግሞ እየተማረረ።
አሁን የኔ ተራ ነው ብዬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣
ሁለት ቀን አፈጠጥኩ፣ መስመር በመስመር አንብቤ።
ምንም።
ጤና ቢሮ «ላውኬ ሰሜን» ይላል፤
ባሕር ኃይል በካርታው «ነጥብ አሥራ ሰባት» ብሎታል፤
ገበያው ደግሞ «የመበለቷ ድንጋይ»፤
ማሽን ምን ያድርግ? ሦስት ቦታ ነው የሚያይ።

«አንድ ነው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር፤
«መበለቷ እናቴ ናት። ድንጋዩ ላይ ነበር
አባቴን የጠበቀችው።»

ለዚህ ምን ኮድ ይጻፋል?
ምሽቱን ሙሉ ስም ከስም ቋጠረች፣
«ይኼ የዚያ ቅጽል ነው፣ ያም የዚህ» እያለች።
እኔ እንጨት ጨመርኩ፣ ሻይ አፈላሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣
ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ፣ ገበያው ሲወደድ፣
ገጿ ላይ አንድ መስመር ቀላ።
በዝናቡ ወጣች፣ ኮቷን ሳትቆልፍ፣ ስልኳን ብብቷ ሥር ከልላ።
ጎረቤቷ ሄራልዶ ሦስት ጆንያ ሞልቷል፤
ጀልባው ሊነሣ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።
«የታገደው ላውኬ ሰሜን ነው» አለ፤ «የኛ አይደለም።»
«የኛ ነው» አለች። ሌላ አልጨመረችም።
ሰውየው ጆንያዎቹን አየ፤
የልጁ ጫማ ነበሩ፣ የሞተሩ ዕዳ ነበሩ፤
ከዚያ አፋቸውን ፈታ፣
አንድ በአንድ ዘረገፋቸው፤ ተመለሱ ወደ ባሕሩ።
ደህና ዋሉ እንኳ ሳይላት ሄደ።

እኔም ወደ ከተማዬ።
ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሲጠና፣
ባሕር ኃይል ገጹን አሳመረ፤ ዓምዱን ሁሉ ቀየረና
የሷ ክር ተበጠሰ።
ስልክ ስትደውል፣ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፤
መጣሁ ልል አፌን ስከፍት፣ አልጠበቀችኝም፦
«አይ፣ ቀጥዬዋለሁ፤
የደወልኩት ልጠይቅህ ነው፣ አንተ የተማርከው፣ እስቲ እይ፤
ቋጠሮው ያስታውቃል።
ያስጠላል ወይ?»

መልስ አጣሁ።
ያ ስምንት ወር የሚለው ወረቀት፣ ከነፊርማዬ፣
አሁንም አለ፤ ጠረጴዛዬ ላይ።