አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ገና በአየር ላይ

ሰኞ ዕረፍቴ ነው። አጅማን በወበቅ ታጥባ ቆማለች፤
መነጽሬን በሻሽ ብጠርገው፣ መልሳ ታላበዋለች።
ደላላው ቢጁ በር ላይ ጠበቀኝ፣ ከረባቱን አጥብቆ፤
ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበልኝ፣ በሚያብረቀርቅ ብርጭቆ።

መስታወት ውስጥ ከተማ አለች፣ ጠረጴዛ የማትሞላ፤
ዘንባባዋ ላስቲክ፣ ባሕሯ ቀለም፣ ቀትሯም የሌለው ጥላ።
ፊት የሌላቸው ነጫጭ ሰዎች በረንዳ ላይ ቆመዋል፤
መጥረጊያ የያዘ የለም፤ በዚያ አገር ሁሉ ያርፋል።

«አሥራ አራተኛው ያንቺ ነው» አለ፣ በእስክሪብቶ ነክቶ፤
«ባሕር ያያል።» አየሁ፣ በአንድ ዓይኔ፣ ሌላው ዓይኔ ፈርቶ።
«ሩቡን ብቻ ክፈዪ፣ የቀረውን ባንኩ ይሸፍንልሻል፤
ተከራይ ዕዳሽን ይከፍላል፤ ተኝተሽ ይወልድልሻል።»

ወለድ። የእኛ ሰው እንዲህ ብሎ ስም ሲያወጣ አላበደም፤
ብር ያረግዛል፣ ይገላገላል፣ ምጡ ግን የእሱ አይደለም።
እሱ ባንክ ቤት ይወልዳል፣ እኔ ጓዳ አምጣለሁ፤
ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ለሌላ ልጅ ጡት እሰጣለሁ።

አባቴ፣ ከሚሴ ላይ ጨርቅ ሻጭ፣ «ወለድ የነካ እጅ
ለዱዓ ሲነሣ ይከብዳል» ይል ነበር። እኔ በሰው ደጅ
አሥራ አንድ ዓመት የሰው ፀጉር ስተኩስ የኖርሁ፣
ከአባቴ ይልቅ የስልኬን ማስሊያ ጠየቅሁ።

ደሞዝ። ጉርሻ። የአልጋ ኪራይ። የእናቴ የስኳር መድኃኒት።
ቪዛዬ ሁለት ዓመት። ብድሩ ሃያ ዓመት።
ሳሎኑ ቢዘጋ፣ ማዳሟ ብትቆጣ፣
ወገቤ አንድ ጠዋት እንቢ ቢል፣
አሥራ ስምንቱን ዓመት ማን ቆሞ ይተኩስልኛል?
ቢጁ ይህን አልደመረውም።

እቁባችን ትዝ አለኝ፤ አሥራ ሁለት ሴቶች፣ ሩምያ ሰብሳቢያችን፤
ዕጣው በሻይ ኩባያ፣ ዋሱ እርስ በርስ መተያያታችን።
አንዷ ብትጠፋ እናውቃለን፣ መንደሯን፣ እናቷን፤
ባንኩ ከእኔ የሚያውቀው ፓስፖርቴንና ጣቴን።
ግን አልዋሽም፤ አምና ፈቲያ ዕጣዋን በልታ በረረች፤
መንደሯንም እናቷንም እያወቅን፣ ምን አመጣን? ቀረች።

ሲመሽ ቦታውን ላየው ብቻዬን በአውቶቡስ ሄድሁ፤
የቆርቆሮ አጥር፣ ሰማይ የተሣለበት፤ በቀዳዳው አጮለቅሁ።
ጉድጓድ። ከሥሩ አረንጓዴ ውሃ፣ ከባሕር የሾለከ፤
ከላይ ክሬን፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አበዳሪው እንደተላከ።
ዘበኛው፣ ኔፓላዊ ነው፣ ካርቶን አንጥፎ ተቀምጧል፤
ስንት ጊዜ እንደጠበቀ ብጠይቀው ሦስት ጣት አውጥቷል።
«ሦስት ዓመት። ጉድጓድ የሚሰርቅ ግን እስካሁን አልመጣም»
አለና ሳቀ፤ የእኔ ሳቅ ከጉሮሮዬ አልወጣም።
ወደ ላይ ቆጠርሁ፣ አሥራ አራተኛው የሚሆንበትን፤
አንዲት ርግብ በሳሎኔ አለፈች፣ በመኝታዬ፣
ሳታንኳኳ፣ ሳትከፍል ወለዱን።

አሁን አልጋዬ ላይ ነኝ፣ ከላይኛው፣ ኮርኒሱ አፍንጫዬን ሊነካ፤
ስልኬ ትራሴ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ የደላላ ልብ ይመስል፣ ሳይረካ።
«ዋጋው ነገ ይጨምራል።» ይጨምር።
ግጥም እንኳ ቤት ይመታል፣ ሳይበደር፣ ሳይፈርም፤
እኔ ከኑሮ ስገጥም አሥራ አንድ ዓመቴ፣ ቤት ግን አልመታሁም።

ሩምያ ያረጀ ስቱዲዮ አግኝታለች፣ ሊፍቱ የሚያስል፤
ለሁለት፣ ያለ ባንክ፣ በጥሬ ብር።
ውሉ ግን በአንድ ሰው ስም ይሁን ትላለች። በእሷ።
ነገ ሄጄ ቧንቧውን እከፍታለሁ፣
ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳለሁ።
ስለ ስሙ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።