የሌሊቱ ስፓንያል

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤
የጎልቨን ውሻ ግን በበላበት ዝም ይላል።

ያኔ፣ በብሪታኒ፣ ዱሩ ከነቆቁ
የመስፍን ነበረ፤ ድሆች ካልሰረቁ
አይቀምሱም። በሌሊት አንዲት «ሃው» ብትሰማ፣
ለጎልቨን ወህኒ ነው፣ ለልጆቹ ጨለማ።

ስለዚህ ውሻው ድምፁን ውጦ ዝም አለና፣
ቆቅ ሲሸተው ቆመ፣ አንገቱን አቀና፤
አንድ እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ጉማጅ ጭራው ደርቆ፣
መረብ እስኪጣል ድረስ ትንፋሹን ደብቆ።

ዛሬ የልጅ ልጅ ልጁ ሜዳሊያ አጥልቋል፣
ሬን ከተማ፣ ፎቅ ላይ፣ ሶፋ ላይ ይወድቃል።
ኤኖራ ቆጣ ካለች ጠረጴዛ ስር ነው፤
ሆደ ባሻ ፍጥረት፣ ቃል ብቻ የሚሰብረው።

በር ሲንኳኳ ግን
አይጮኽም፤ ያያታል፣
አንድ እግሩን አንሥቶ፤ «ዘበኛ ይሆናል፣
መብራቱን አጥፊው» ያላት ይመስላል።