ወራጅ አለ?

ሠላሳ አንድ ዓመት በግርጌው ሲያልፉ፣
ከዌልስ ዝናብ ጋር፣ ከንፋስ ሲጋፉ፣
አንድ ቀን አልገቡም።
የፌርማታው ስም ግን «ግንብ በር» ነበረ፤
ስንቱን ሲያወርዱበት፣
እነሱን «ውረዱ» የሚላቸው ጠፍቶ ዕድሜ ተቆጠረ።

ዛሬ የሃያ ሰባት ቁጥር ጡረተኛ ሁሉ፣
ዓሥራ አንድ ሹፌር ከነከዘራው፣ ከነክኒኑ፣ ከነአመሉ፣
አውቶቡስ ተከራይቶ
እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ተቀመጠ።
እኔ የጋራዡ ነኝ፣ ሞተር ሥር ተጋድሜ ራሴ የመለጠ፤
«ኢስልዊን፣ አንተም ና፤ መኪናው ቢበላሽስ?» ብለው ነው ያመጡኝ።

የምትነዳን ልጅ ናት፣ ካሪስ የምትባል፤
ማርሽ በቀየረች ቁጥር ዓሥራ አንድ ጉሮሮ ይጠረጋል፤
ከኩርባው ስትደርስ ዓሥራ አንድ ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል፣
ፍሬን በሌለበት ፍሬን ይፈልጋል።
በመስታወት አየችን፣
ሳቀችና የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገችብን።

በሩ ላይ፣ አፍንጫው የተበሳ ጎረምሳ «ለአዛውንት ቅናሽ አለ» ቢል፣
ግዊሊም ቱግ አለ፦ «መታወቂያ ሳታይ? በምን ታምነኛለህ?
እኛ እንዳንተ ብንሆን ኩባንያው በወሩ ይዘጋ ነበር እኮ!»
ልጁ ግራ ገባው።
ግዊሊም መታወቂያውን አውጥቶ በግድ አሳየው።

አስጎብኚዋ ድንጋይ በድንጋይ አስነበበችን፦
ከውስጥ ሰው የሚያቅፍ፣ ከውጭ ጣት የማያሾልክ የቀስት ስንጥቅ፤
ወለሉ ከሥሩ ከድቶት
ግድግዳ መሃል ተንጠልጥሎ የቀረ ምድጃ፣
ሣር የበቀለበት፣ ማንም የማይሞቀው።
እንደ ደንቡ ራሳችንን ነቀነቅን።
ከግንቡ ወጣ ብሎ ባየር ላይ የተሠራው የጌቶች ሽንት ቤት ጋ ስንደርስ ግን
ሁሉም ነቃ፤ ጥያቄው ዘነበ።
ስድስት ሰዓት ሙሉ ፊኛውን ይዞ መሪ የጨበጠ ሰው
የጌትነት ትርጉም ያኔ ነው የገባው።

ኤይርዌን፣ በዚያ መስመር የነዳች የመጀመሪያዋ ሴት፣
ዳሌዋ እምቢ ብሏት ከውሃ ጉድጓዱ አፍ ቀረች፤
«ውጡ፣ ኮታችሁን እጠብቃለሁ» አለች።

ደረጃው ቀንድ አውጣ ነው፤ ይዞራል፣ ይጠባል፤
አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው
የኋለኛው «ቀጥል እንጂ፣ መንገድ ዘጋህ» ይላል።

ከላይ ስንወጣ፣ ባሕሩ በወዲያ በኩል ብር አንጥፎ ነበር፤
አንድ ሰው አላየው።
ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶት መንገዱን ያያል።
ሃያ ሰባት ቁጥር መጣች፣ የክብሪት ሳጥን አክላ።
ግዊሊም ሰዓቱን አየ፤ «አራት ደቂቃ ዘግይታለች።»
ቆባችንን አውልቀን አውለበለብን፣ አፏጨን፣ እንደ ልጅ ጮኽን።
ቆመች፤ ቦርሳ ያንጠለጠለች አንዲት ሴት አወረደች፤ ሄደች።
ሹፌሩ ቀና አላለም።
«መንገዱን ነው የሚያይ፤ ደግ ልጅ ነው» አለ ኤምሪስ።

ግዊሊም ግን ግንቡን በመዳፉ እየዳበሰ፣
«እኔም ቀና ብዬ አላውቅ» አለ፣ ድምፁ አነሰ፤
«ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከዚህ ሆኖ እጁን ያነሣልኝ ማን ነበር?
የስንቱን ሰላምታ በልቼ ይሆን?»
የመለሰለት የለም።
ንፋሱ የኤምሪስን ቆብ ነጥቆ
ወደ ግቢው ጣለው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያመነታ ወፍ።
ወርደን ስናገኛት ኤይርዌን ደፍታዋለች፤
«የጠፋ ዕቃ ቢሮ ክፍት ነው፤ ቅጽ ሙላ» አለችው።

ስንመለስ ጀንበር አዘቅዝቃ፣ ግማሹ አንቀላፍቶ፣
ከግንቡ ሥር ስናልፍ የነቃው ሁሉ አንገቱን አዞረ።
ከማማው ጫፍ አንድ ነገር ነቅነቅ አለ፤
ቁራ ይሁን ሕፃን፣ በዚያ ብርሃን ማን ለየ?
እጆች ተነሡ።
የእኔም፣ የሞተር ጥቁረት ከጥፍሩ ያልለቀቀው።

ያኔ ከኋላ ወንበር፣
ግዊሊም ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ በድሮ ድምፁ፦
«ግንብ በር! ወራጅ አለ?»

ካሪስ ሳታስበው ፍሬን ያዘች። በሩ ተከፈተ።
እርጥብ ሣር የሚሸት አየር ገብቶ በመተላለፊያው አለፈ።
ማንም አልወረደም።
ትንሽ ጠበቀችና ዘጋችው።