አራት መቶ አሥራ ሰባት

ጠባሴ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣ አምስት ኮምፒውተር አለኝ፤
አራቱ ደህና ነው፤ አምስተኛው ጠዋት ጠዋት «በርዶኛል፣ አልነሣም» አለኝ።
ቤታቸው መስመር እስኪገባ፣ ቅዳሜ የኮንትራክተሩ ልጆች ይመጣሉ፤
አሻንጉሊታቸውን በጉያቸው ሸጉጠው ወንበር ይሻማሉ።
ሐምራዊ ጉማሬ፣ ነጠብጣብ ውሻ፣ ስሙን የማላውቀው አውሬ፤
አባትየው አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር አንድ ነው፤ ስምንት ደርሰዋል እስከ ዛሬ።
ሁሉም ካንገቱ ካርድ አለው፤ እንደ ሞባይል ካርድ ሲፋቅ፣ የምሥጢር ቁጥር፤
ቁጥሩን የጻፈ ይገባል፣ እዚያ ማዶ ወዳለው ሰፈር።
ጨርቁ ጉማሬ እዚያ ነፍስ ይዘራል፤ አልጋ አለው፣ ሳሎን፤
ካላበሉት ያኮርፋል፣ ሲጠግብ ይደንሳል ሌት ተቀን።
እኔ ደቂቃ እቆጥራለሁ። እውነት ለመናገር፣ አንዳንዴ
እቀናለሁ፤ ጉማሬው ሦስቴ ይበላል፣ እኔ አንዴ።

ትርሲት ግን ከመስታወቱ ውጭ ናት። ሰባት ዓመት ይሆናታል።
በትንፋሿ መስታወቱ ይደበዝዛል፤ ትጠርገዋለች፤ ደግሞ ይደበዝዛል።
እናቷ ዘነቡ፦ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ጠርዝ ሰፊ፣ የማታ ፈረቃ፤
ልትተኛ ትገባለች፣ ልጇ ለትምህርት ስትነቃ።

ታኅሣሥ ላይ፣ የጣርማ በር ነፋስ ቆርቆሮ በሚያስጮህበት ማታ፣
ትርሲት በሩን ገፍታ ገባች፤ አንዲት በግ በሹራቧ ሸፍና፣ የበረደ እጇን ዘርግታ።
ከብርድ ልብስ ቁራጭ የተሰፋች፤ ግማሽ ጎኗ ግራጫ፣
ግማሹ ቀይ መስመር፤ የኮት ቁልፍ ለዓይን፣ ጥቁር ክር ለአፍንጫ።
ሆዷ ላይ በቀይ ክር፣ ደቀቅ ባለ የእናት ስፌት፣
ሦስት አኃዝ፦ አራት፣ አንድ፣ ሰባት።

«ቁጥር አላት» አለች። «እማዬ ሰፋችላት። አስገባልኝ።»
አሥር ብሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ምላሴ ከዳኝ።
ቁጥሩን አውቀዋለሁ። የዘነቡን መታወቂያ ኮፒ ያደረግሁት እኔው፤
ማታ የፋብሪካው ዘበኛ የሚያሳልፋት በዚሁ ነው።
«በር የሚከፍት ቁጥር ስፊልኝ» ብላ ብታስጨንቃት ልጅቱ፣
ሌላ በር ከፋች ቁጥር ከየት ታምጣ እናቲቱ?

ጻፍኩት።
ክቡ ምልክት ዞረ፣ ዞረ፤ ኔትወርኩም እንደኛ በርዶታል።
ከዚያ በቀይ፦ ይህ ቁጥር አይታወቅም፣ እንደገና ይሞክሩ ይላል።
«ምን አለ?» አለች። የፈረንጅ ፊደል ገና አልቆጠረችም፤
እውነቷም ከጉሮሮዬ አልወጣችም።
«ደጅ ናት» አልኳት። «ዘበኛው ቁጥሯን ያያል።»
«እማዬንም እንዲሁ ነው» አለች፤ «ብርድ ላይ ያቆያታል።»

ያን ጊዜ መብራት ሄደ። ጠባሴ ባንድ ጊዜ ጨለመ፤
ስክሪኑ ሁሉ ጠፋ፤ አሮጌው ማራገቢያ እያቃሰተ ቆመ።
በጨለማው ውስጥ፣ በዝግታ፣ «ገባች» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤
ትጠይቀኝ ይሁን ትነግረኝ፣ ዛሬም አልለየሁ።
ብሯን ልመልስ ብል፣ «ለሣሯ ይሁን» ብላ ወጣች።
ሻማ ፈልጌ ስለኩስ፣ በጓም ጠረጴዛው ላይ አልነበረች።

አሥር ብሯ እስከ ዛሬ ከኪቦርዱ ሥር ናት።
ጉማሬው ሦስቴ በልቶ እኔ ጦሜን በዋልኩበት
ቀንም አልነካኋት።
የሣር ገንዘብ ናት።